ጎረቤት እስከ የት ነው?

አንድ የሲሊከን አቶም ክሪስታል ውስጥ አራት ጎረቤት አለው። እያንዳንዳቸው 2.35 አንግስትሮም ያህል ይርቁታል፤ አንግስትሮም ማለት የሚሊሜትር አስር ሚሊዮንኛ ነው። አቶሙ ወዴት እንደሚገፋ የሚያሰላው ቀመር፣ ፎርስ ፊልድ የምንለው፣ ገና ከመጀመሪያው አንድ ነገር ይወስናል፦ ከዚህ ርቀት ወዲያ ያለውን አላይም።

ለምን? ኤሌክትሮኖቹን በኳንተም ሕግ ማስላት ውድ ነው። ኮንና ሻም በ1965 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት መንገድ እንኳ የአቶሞቹ ቁጥር እጥፍ ሲሆን ሥራው ወደ ስምንት እጥፍ ይጠጋል። ጥቂት መቶ አቶም ላይ ላፕቶፕ ማቃሰት ይጀምራል። ስለዚህ ኤሌክትሮኖቹን ትተን አቶሞቹን በሞላ እንደተያያዙ ኳሶች እንቆጥራለን። ስቲሊንገርና ዌበር በ1985 ለሲሊከን ያወጡት ታዋቂ ቀመር ወሰኑ 3.77 አንግስትሮም አካባቢ ነው። ሁለተኛው ረድፍ ጎረቤት የት አለ? 3.84 ላይ! ከአጥሩ ውጭ፣ ደጃፍ ላይ።

በቃ፣ ይሠራል። ክሪስታሉ ሰላም እስከሆነ ድረስ። ሲቆረጥ ግን ገጹ ላይ ያሉት አቶሞች ጎረቤት ያጡና እንደ አዲስ ይደራጃሉ፤ ቀመሩም እዚያ መሳት ይጀምራል።

ታዲያ አለማየት ውሸት ነው? እኔ ሁልጊዜ አይደለም ባይ ነኝ። ሲሊከን ውስጥ የሩቅ አቶም ተጽእኖ በፍጥነት ይሞታል፤ ወሰኑን የፈቀደው ቁሱ ራሱ ነው። ጋሊየም ናይትራይድ ውስጥ ግን አቶሞቹ ቻርጅ ይዘዋል፣ ጉልበታቸውም ሩቅ ይደርሳል። እዚያ ማሽኔ ስለማይችል ብዬ ብቆርጠው ሌላ ነገር ነው። ችግሩ ኮዱ ላይ ሁለቱም አንድ ይመስላሉ፦ አንድ መስመር፣ አንድ ቁጥር።

የምኖረው ዘነበወርቅ ነው። አለርት የተቋቋመው በዚያው በ1965 ነው፤ ከእሱ በፊትም ሰፈሩ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነበረው። ለሕክምና የመጡ ብዙዎች ወደ ትውልድ ቀያቸው መመለስ ስላልቻሉ እዚሁ ጎጆ ቀለሱ። ከተማውም ወሰን አበጀላቸው፦ ከዚህ ወዲያ አላይም። መጀመሪያ ላይ ሰው በሽታውን ስለፈራ ነው እንበል። ዛሬ ግን ታማሚ መድኃኒት ከጀመረ በኋላ ማስተላለፉን በቶሎ ያቆማል። ምክንያቱ ሄደ፣ ቁጥሩ ቀረ። አሁንም «ሰፈርህ የት ነው?» ተብሎ ሲመለስ ዝም የሚል ሰው አለ።

ሲሊከን አይከፋውም፣ ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ግን ውጤቴን የሚወስደው መሐንዲስ አጥሩን አያየውም፣ ግራፉን ብቻ ነው የሚያየው። ቤለርና ፓሪኔሎ በ2007 ያስጀመሩት የኒውራል ኔትወርክ መንገድም ከዚህ አላመለጠም፤ በጣም ትክክል ነው፣ ግን እሱም እስከ ጥቂት አንግስትሮም ነው የሚያየው። ራዲየሱን እጥፍ ብታደርጉት ጎረቤቶቹ ስምንት እጥፍ ይሆናሉ፤ ማን ይከፍላል?

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ወሰን አጠገብ ኮሜንት እጽፋለሁ። አንዳንዱ ጋ «ፊዚክሱ ስለፈቀደ»፣ አንዳንዱ ጋ «ማሽኑ ስላልቻለ»። ሁለተኛው የበዛበት ፋይል አለኝ፤ ለማንም ስሰጠው ኮሜንቶቹን አላጠፋም።