የአክስቴን ፊት መጣል

የሰው ፊት ያለበት የተበላሸ ወረቀት ይጣላል ወይ የሚለው ጥያቄ የመጣው ከቆሻሻ ቅርጫት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርትመንታችን፣ መታጠቢያ ቤቱ በር ሥር ፎጣ ጠቅጥቄ ቀይ አምፖል አበራና የአባቴን የድሮ ኔጋቲቮች አትማለሁ። ማጉያ የለኝም። 6 በ6 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ፊልም ደብዛዛ ወገኑን ወደ ታች አድርጌ ወረቀቱ ላይ አስተኛዋለሁ፤ በመስታወት ተጭኜ ነጩን መብራት ለጥቂት ሰከንድ አብርቼ አጠፋለሁ። ዴቨሎፐሩ ውስጥ ቀድሞ የሚወጣው ጥቁሩ ነው፤ የአክስቴ ፀጉር፣ የዓይኗ ብሌን፣ ከዚያ ጉንጯ። ነጠላዋ እንደ ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

የመጀመሪያው ሙከራ አብዛኛውን ጊዜ ይበላሻል፤ ወይ ይጠቁራል ወይ ይነጣል። መጣል የሚያቅተኝ እሱን ነው። አክስቴ አርፋለች።

ዲያቆን ወዳጄ አያመነታም። ለሥዕል የሚሰጥ ክብር ወደ ባለሥዕሉ ይሻገራል ያለው ቅዱስ ባስልዮስ ነው፤ ዮሐንስ ዘደማስቆም በ8ኛው መቶ ዘመን ሥዕል አጥፊዎችን ሲሞግት ይህንኑ ጠቅሷል። «ክብሩ ከተሻገረ ወረቀቱ ላይ ምን ቀረ? ጣለው!» ይለኛል።

እኔ ደግሞ በንክኪ እሟገታለሁ። ፊልሙ ከፊቷ የተመለሰውን ብርሃን ተቀብሏል፤ ወረቀቱም ያንን ፊልም ነክቷል። ሴኮንዶ ፒያ በ1898 የክርስቶስ ገላ ተገንዞበታል የሚባለውን የቱሪኑን ከፈን ፎቶ አንስቶ ኔጋቲቩ ላይ ጥርት ያለ የሰው ፊት ሲያይ የዓለም ልብ የተሰቀለው በዚሁ አይደል? በ1988 በካርቦን ተመርምሮ ከ1260 እስከ 1390 ባለው ጊዜ የተሠራ ጨርቅ ነው ቢባልም ተሳላሚው አልቀረም። ገላ ነክቷል የተባለ ነገር ሰውን ይይዛል።

ጨለማ ክፍሉ ግን ክርክሬን ግማሽ በግማሽ ያፈርስብኛል። ፊልሙ ተጠቅልሎ ከወረቀቱ በተላቀቀበት በኩል የአክስቴ ጆሮ ይደበዝዛል፤ እዚህ ላይ ንክኪ ረቶልኛል። ነገር ግን ሁለቱ ተጣብቀው ሌሊቱን ቢያድሩ፣ ብርሃን ካላለፈባቸው ወረቀቱ ባዶ ነው። ደግሞስ ቤተ ክርስቲያን የምንሳለመውን ቅዱስ ጊዮርጊስ የሣለው ሰው መቼ አየውና? ከሌላ ሥዕል አይቶ ነው የሣለው፤ እኛ ግን ግንባራችንን እናስነካለን።

ለአክስቴ ከሁሉም የሚቀርበው ኔጋቲቩ ነበር። እናቴ ወደ መስኮቱ አንስታ አየችውና፣ ፀጉሩ ነጭ ጥርሱ ጥቁር ሲሆንባት፣ «ምንድን ነው ይሄ፣ ጋኔን ነው እንዴ?» ብላ መለሰችልኝ። የገዛ እህቷን! የታተመውን ስሰጣት ግን ደጋግማ ሳመችው። ቅርበቱ እዚያ፣ ስሞሽ እዚህ።

ስለዚህ ለቤቴ አንድ ደንብ አወጣሁ፦ እናቴ የምታውቀው ፊት ካለበት አይጣልም፤ ጨርሶ የጠቆረው ይጣላል። ዲያቆኑ ሳቀብኝ። ባለቤቴ የጫማ ካርቶኑ መሙላቱን እያሳየችኝ ደንቡን ተቀብላለች። አንድ ዓይንና ግማሽ አፍንጫ ብቻ የወጣበት የመሞከሪያ ቁራጭ ላይ ግን ገና አልተስማማንም።