እምቢታው የማን ነበር?

ኦገስት 25 ቀን 1958 በጊኒ ዋና ከተማ ኮናክሪ፣ ነጭ ቡቡ የለበሱ የሠላሳ ስድስት ዓመት ጎልማሳ የፈረንሳዩን መሪ ጄኔራል ደጎልን ፊት ለፊት ይዘው ንግግር አደረጉ። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ባርነት ካለበት ብልጽግና ነጻነት ያለበትን ድህነት እንመርጣለን የሚለው ቃላቸው የአፍሪካን ጆሮ ሁሉ ያንኳኳው የዚያን ዕለት ነው። ደጎልም ነጻነት የሚሻ ይውሰደው፣ ፈረንሳይ አትከለክልም፣ መዘዙን ግን ራሱ ይችለዋል ብለው መለሱ። በወሩ፣ ሴፕቴምበር 28፣ ጊኒያውያን በሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ሰጡ፤ ከመቶ ዘጠና አምስቱ በላይ ቅኝ ግዛቶቹን ከፈረንሳይ ጋር የሚያቆየውን የደጎልን ሕገ መንግሥት አልቀበልም አለ። ኦክቶበር 2 ቀን ጊኒ ነጻ አገር ሆነች። ጥያቄው ከቀረበላቸው የአፍሪካ ቅኝ ግዛቶች ሁሉ እምቢ ያለችው እሷ ብቻ ናት።

ከዚያ ወዲህ ታሪኩ ሲነገር ኖሮ የአንድ ሰው ጀግንነት ሆኖ ቀርቷል። አህመድ ሴኩ ቱሬ፣ የሳሞሪ ቱሬ የልጅ ልጅ ልጅ ነኝ የሚሉት፣ በፋራናህ ተወልደው፣ ከሙያ ትምህርት ቤት በአድማ ምክንያት ተባረው፣ ፖስታ ቤት ተቀጥረው፣ በሠራተኛ ማኅበር መሪነት ስማቸውን ያስጠሩት ሰው፣ ብቻቸውን ቆመው ኃያሉን አዋረዱት፤ እንዲህ ነው የሚተረከው። ንግግሩን ቀረብ ብሎ ላየው ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ቱሬ ያን ዕለት እምቢ አላሉም። ጠንከር ያለ ቃል ተናገሩ፤ ሕገ መንግሥቱ እንዲሻሻል፣ ቅኝ ግዛቶቹ ከፈረንሳይ ጋር በእኩልነት እንዲቆሙና የመገንጠል መብታቸው እንዲከበር ጠየቁ። ፓርቲያቸው፣ የጊኒ ዴሞክራሲያዊ ፓርቲ፣ «አይሆንም» ብለን ድምፅ እንስጥ ሲል የወሰነው ሴፕቴምበር 14 ነው። ሕዝበ ውሳኔው ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው መሆኑ ነው። በዚያን ጊዜ ተማሪዎቹ፣ ወጣቶቹና የሠራተኛ ማኅበራቱ አቋማቸውን አስቀድመው አስታውቀዋል። መሪው ተከታዮቻቸው ወደቆሙበት ደረሱ ማለት ይቀላል። ይህን የምለው ሰውየውን ለማሳነስ አይደለም፤ ሕዝቡ የት እንደቆመ አይቶ እዚያ መቆም የፖለቲካ ትልቁ ችሎታ ነው። ነገር ግን እምቢታው የማን እንደነበር ካልተያዘ፣ በኋላ የመጣው ሁሉ ትርጉሙ ይጠፋል።

ከታች መምጣቱን ለማየት ወደ 1953 መመለስ ያሻል። ዋናው ጥያቄ የደመወዝ ነበር። ቱሬ የመሩት የሠራተኞች አድማ ከሁለት ወር በላይ ቆየ፤ በመጨረሻ ሃያ በመቶ የደመወዝ ጭማሪ ተገኘ። ሁለት ወር ደመወዝ ያላገኘ ሰው ልጆቹን ምን አበላ? መልሱ ያለው ገበያ ውስጥ ነው። ሴቶቹ ቸርችረው ባገኙት የአድመኛውን ቤት አቆሙት፣ ሩዙንም ተካፈሉት። ከዚያም የፓርቲውን መልእክት ከገበያ ገበያ ያደረሱት፣ ባለሥልጣኑን በዘፈን የተሳለቁበት፣ የፈራውን ባል ወኔ የቀሰቀሱት እነሱ ናቸው። በ1955 ቶንዶን በተባለች መንደር ምባሊያ ካማራ የምትባል ነፍሰ ጡር ሴት በአካባቢው ሹም እጅ በሰይፍ ቆስላ ሞተች፤ የሹማምንቱ ሥርዓት ከዚያ ወዲያ ማንም የማያዝንለት ሆነ። በ1957 መጨረሻ ሹመቱ ራሱ ተሻረ። የሴፕቴምበር 28ቱ ድምፅ በእነዚህ ሁሉ ላይ የተቆለለ እንጂ ከአንድ ንግግር የበቀለ አይደለም።

ፈረንሳይ መዘዙን አሳየች። ሠራተኞቿ ስልክ ነቅለው፣ መዝገብ አቃጥለው፣ የተሸከሙትን ተሸክመው ወጡ። ጊኒ በ1960 የራሷን ገንዘብ ስታወጣ የፈረንሳይ የስለላ ድርጅት አስመስሎ ያተመውን ሐሰተኛ ኖት በገበያዋ ረጨባት። በሌላ ወገን የክዋሜ ንክሩማ ጋና አሥር ሚሊዮን ፓውንድ ብድር ቃል ገባችላት፤ ቱሬም ውለታውን አልረሱም። ንክሩማ በ1966 ከሥልጣን ሲወርዱ ኮናክሪ አስገብተው አጋር ፕሬዚዳንት ብለው ሰየሟቸው። ከሥልጣን ለወረደ ወዳጅ እንዲህ ያደረገ መሪ ብዙ አላውቅም።

እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው የት ላይ ነው? ብዙ ሰው ቱሬን ለሁለት ከፍሎ ያያቸዋል፤ እስከ 1958 ጥሩው፣ ከዚያ በኋላ ክፉው። እኔ እዚህ አከፋፈል ላይ አልስማማም። በየሰፈሩና በየመንደሩ ኮሚቴ ያለው፣ ማን መጣ ማን ቀረ ብሎ የሚቆጥር፣ አድማውን ያልከዳውንና የከዳውን ለይቶ የሚያውቅ ፓርቲ ነው ድምፁን ያስገኘው። ያው ፓርቲ፣ ያው ኮሚቴ፣ አገሪቱ ነጻ ከወጣች በኋላ ጎረቤትን የሚቆጥር ሆነ። አንድ ፓርቲ ብቻ ቀረ። ሕዝቡ እምቢ ብሏል፤ ፓርቲው የሕዝቡ ነው፤ መሪው የፓርቲው ነው፤ ስለዚህ መሪውን እምቢ ያለ ሕዝቡን እምቢ ብሏል ተባለ። ስሌቱ እያንዳንዱ ደረጃ ላይ ትክክል ይመስላል፤ ሲደመር ግን እምቢታውን ከባለቤቱ ነጥቆ ለአንድ ሰው ያስረክባል።

ጠላት አልነበረም ልንል አንችልም፤ ነበረ። ኖቬምበር 22 ቀን 1970 ፖርቱጋል ያሰማራቻቸው ወታደሮችና ከእነሱ ጋር ያበሩ ስደተኛ ጊኒያውያን በሌሊት ከባሕር ወጥተው ኮናክሪን ወረሩ፤ የተማረኩ ፖርቱጋላውያንን አስፈትተው ሄዱ። ጊኒ ይህ የደረሰባት ጊኒ ቢሳውን ከፖርቱጋል ነጻ ለማውጣት የተነሣውን የአሚልካር ካብራልን ትግል በግዛቷ ስላስጠለለች ነው። ካብራልም በ1973 እዚያው ኮናክሪ ተገደሉ። ችግሩ እውነተኛው ሴራ ለሐሰተኛው ሴራ ዋስ መሆኑ ነው። ከወረራው በኋላ በሬዲዮ ኑዛዜ ይሰማ ጀመር። እስረኛው የተጻፈለትን በቴፕ ያነባል፤ ቤት ያለው ቤተሰብ የአባቱን ድምፅ አውቆ አባቱ የፈረንሳይ ሰላይ፣ የጀርመን ቅጥረኛ ነበርኩ ሲል ይሰማል። ጃንዋሪ 25 ቀን 1971 ከተማው ውስጥ ባለ ድልድይ ላይ አራት ሰዎች ተሰቅለው ሕዝብ እንዲያያቸው ተደረገ። ከአራቱ አንዱ ባሪ ሦስተኛ የሚባሉት ኢብራሂማ ባሪ ነበሩ፤ በ1958 የቱሬ ተቃዋሚ ሆነው ሳለ ለሕዝበ ውሳኔው ግን ከቱሬ ጋር «አይሆንም» እንዲባል የቀሰቀሱ ሰው። ጊኒን በዓለም መድረክ ያስጨበጨበላትን የባሌት ዳንስ ቡድን የመሠረቱት ኬይታ ፎዴባም ሚኒስትር ሆነው፣ በግንባታው እጃቸው አለበት በሚባለው በካምፕ ቦይሮ እስር ቤት ራሳቸው ታስረው በ1969 ጠፉ።

ለእኛ ቅርብ የሆነው ሰው ግን ዲያሎ ቴሊ ናቸው። ጊኒን በተባበሩት መንግሥታት ወክለው ስሟን ያስከበሩት ይህ የሕግ ሰው በ1964 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የመጀመሪያው ዋና ጸሐፊ ሆነው ተመረጡ፤ ስምንት ዓመት አዲስ አበባ ተቀምጠው ሠሩ።  በ1972 ምርጫውን በካሜሩናዊው ንዞ ኤካንጋኪ ተሸንፈው ሲወጡ፣ አገርህ አትግባ ያላቸው ወዳጅ አልጠፋም ይባላል። ገቡ። ቱሬም የፍትሕ ሚኒስትር አደረጓቸው። ጁላይ 1976 ላይ «የፉላ ሴራ» በሚል ክስ ተያዙ፤ የፉላ ብሔር ተወላጅነታቸው ከማስረጃው በላይ ተመዘነባቸው። ካምፕ ቦይሮ ውስጥ ተገርፈው የተጻፈውን ፈረሙ። በ1977 መጀመሪያ ከሌሎች አራት ሰዎች ጋር በየጠባብ ክፍላቸው ተዘጋባቸው። እህል የለም፤ ውኃ የለም፤ በሩ የሚከፈተው ሬሳ ለማውጣት ነው። የአህጉሩ ድርጅት ለመጀመሪያ ዋና ጸሐፊው ያደረገው ነገር ቢኖር ዝምታ ነው። በአባል አገር የውስጥ ጉዳይ አልገባም የሚለውን አንቀጽ እኮ ቴሊ ራሳቸው ስምንት ዓመት ሙሉ ሲጠብቁት ኖረዋል። የዛሬው የአፍሪካ ኅብረት ሕንጻ የተሠራበት ቦታም «ዓለም በቃኝ» እስር ቤት የነበረበት መሆኑን የአዲስ አበባ ሰው ያውቃል፤ ድርጅቱ ሲመሠረት የኢትዮጵያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድ በኖቬምበር 1974 የተገደሉት እዚያ ነው።

ቱሬን የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ ክርክራቸውም ባዶ አይደለም። ቤምቤያ ጃዝን የመሰለ ኦርኬስትራ በመንግሥት ደመወዝ ያሳደገ፣ የአገሩን ቋንቋዎች በትምህርት ቤት ያስገባ፣ ሚሪያም ማኬባን አገር አልባ ሆና ሳለ ያስጠለለ መንግሥት ነበር ይላሉ። እውነት ነው። ጊኒ ቢሳው ነጻ በመውጣቷም የቱሬ ድርሻ ትልቅ ነው። ይህ ሁሉ ተደምሮ ግን በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ጊኒያዊ ለምን ድንበር ተሻግሮ ዳካርና አቢጃን ኖረ ለሚለው መልስ አይሆንም። ባርነት የሌለበትን ድህነት የመረጠ ሕዝብ ድህነቱን ችሎ ነበር፤ ያልቻለው ሌላውን ነው።

ቱሬን የመለሷቸው በመጨረሻ የጀመሯቸው ሴቶች ናቸው። የግል ንግድ በታገደበት፣ ምርት ሁሉ በመንግሥት መደብር በኩል ይሂድ በተባለበት ጊዜ፣ «የኢኮኖሚ ፖሊስ» የሚባለው የሴቶቹን ቅርጫት እየፈተሸ የሚወርስና የሚቀማ ሆነ። ኦገስት 27 ቀን 1977 ኮናክሪ ማዲና ገበያ ላይ አንዲት ሴት ቅርጫቷን አላስፈትሽም አለች፤ ፖሊሱ ሲያስገድዳት ሌሎቹ ደረሱላት። ከገበያው ተነሥተው ወደ ፕሬዚዳንቱ ቤተ መንግሥት ሄዱ። ነገሩ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛመተ፣ በአንዳንዶቹም አገረ ገዥዎች ተገደሉ፤ ወታደር ተኩሶ ሴቶች ሞቱ፤ ብዙዎች ታሰሩ። ቱሬ በሕዝብ አዳራሽ ሊያረጋጓቸው ቆመው ሲናገሩ ሴቶቹ ጮኸውባቸው ንግግሩን አቋረጡ። ሃያ ዓመት ያህል ማንም ያላደረገው ነው። በኋላም የኢኮኖሚ ፖሊሱ ፈረሰ፤ ቀስ በቀስ ንግዱ ተፈቀደ። እኔ ከቱሬ ሕይወት ውስጥ አንድ ቀን ምረጥ ብባል፣ ደጎል ፊት የቆሙበትን ሳይሆን ይህንን ነው የምመርጠው። የሩዙ ባለቤቶች እሳቸው የረሱትን አልረሱም ነበር።

ቱሬ ማርች 26 ቀን 1984 አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ሆስፒታል ውስጥ ሞቱ። የዚያ ዓመት የአፍሪካ መሪዎች ጉባኤ ኮናክሪ ላይ እንዲሆን ለእንግዶቹ ማረፊያ ቪላ ተሠርቶ ነበር፤ ጉባኤው አዲስ አበባ ተደረገ። ቀብራቸው ካለፈ ሳምንት ሳይሞላ፣ ኤፕሪል 3፣ ላንሳና ኮንቴ የመሩት ጦር ሥልጣን ያዘ፤ ፓርቲው በአንድ ጀንበር ፈረሰ፣ እሱን ብሎ አደባባይ የወጣም አልነበረም።

ሴፕቴምበር 28 ግን ዛሬም የኮናክሪ ስታዲየም ስም ነው። በ2009 በዚያው ዕለት፣ በዚያው ስታዲየም፣ የወታደር መሪ ለፕሬዚዳንትነት እንዳይወዳደር ለመቃወም የተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ጦሩ ተኩሶ ከመቶ ሃምሳ በላይ ሰው ገደለ፤ ሴቶች በጠራራ ፀሐይ ተደፈሩ። ቀኑን የመረጡት ተቃዋሚዎቹ ናቸው፤ ይገባናል ያሉት ቀን ስለሆነ።

ሌላ መፈንቅለ መንግሥት ያደረጉት ኮሎኔል ማማዲ ዱምቡያ በ2021 መጨረሻ የኮናክሪን አውሮፕላን ማረፊያ «አህመድ ሴኩ ቱሬ» ብለው ሰየሙት። የካምፕ ቦይሮ ሟቾች ልጆች ተቃወሙ፤ ከስሙ በፊት አባቶቻችን የተቀበሩበት ጉድጓድ ይታየን አሉ። እኔ ስሙ ተሰቅሎ ቢቆይ ግድ የለኝም፤ ቱሬ የጊኒ ታሪክ ናቸው፣ ታሪክ ደግሞ ከአውሮፕላን ማረፊያ ግድግዳ ቢነሣም አይነሣም። የገረመኝ አሰያየሙ ነው፤ በአንድ የወታደር አዋጅ ተነበበ፣ አዎን ወይም አይሆንም እንዲል የተጠየቀ ሰው አልነበረም።