የውኃ ተራና የደስታ ተራ



ወገኑ በተጠማበት ጊዜ ሰው ልጆቹን በውኃ ሊያጫውት ይገባዋልን? ይህ ጥያቄ ከራሴ የመነጨ አይደለም። በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ የሚኖር አንድ የማኅበራችን ልጅ በደብዳቤ የጠየቀኝ ነው። ስሙን ሳልጠራ ለእናንተ እንዳካፍል ፈቅዶልኛል።

በእኛ አነጋገር ክረምት የዝናብ ወራት ነው። በዚያ አገር ግን ክረምት ማለት በታኅሣሥና በጥር በረዶ ምድርን የሚሸፍንበት፣ ብርዱም ከዜሮ በታች እስከ 20 ዲግሪና ከዚያም በታች የሚወርድበት ጊዜ ነው። ብርዱ ሲበረታ ሕፃናት በደጅ እንደ ልብ ሊጫወቱ አይችሉም። ስለዚህ የአገሩ ሰዎች ከጣራ በታች የውኃ መጫወቻ ያለባቸውን ሆቴሎች ሠሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዓመታት በዊስኮንሲን ግዛት ዊስኮንሲን ዴልስ በምትባል ከተማ ከተስፋፋ ወዲህ ልማዱ ወደ ብዙ ከተሞች ደርሷል። በውጭ በረዶ ሲወርድ በውስጥ ውኃው ሞቆ 29 ዲግሪ ያህል ይሆናል፤ ልጆችም ከከፍታ እየተንሸራተቱ ወደ ገንዳው ይወርዳሉ።

ያ ወንድም ሌሊት የሚሠራ ሰው ነው፤ ሚስቱም ቀን ትሠራለች። ልጆቹ አባታቸውን ተኝቶ እንጂ ነቅቶ የሚያዩት ጥቂት ነው። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ገንዘብ አጠራቅሞ ሦስቱን ልጆቹን ይዞ እንዲህ ባለ ሆቴል ሁለት ሌሊት አደረ። በሁለተኛው ቀን እናቱ ከሄሉ ስልክ ደውለው፣ ከቀሩዋቸው ሁለት ላሞች አንዲቱ መሞትዋን ነገሩት። እርሱም የልጆቹ ሳቅና የውኃው ድምፅ እንዳይሰማ ፈጥኖ ወጣና በሩን ከኋላው ዘጋ፤ ልጆቹንም «ለአያታችሁ እንዳትናገሩ» ብሎ አስጠነቀቃቸው። ከዚያም «ቄስ ሆይ፣ ወደዚያ ውኃ በመግባቴ ኃጢአት ሠርቻለሁን?» ሲል ጻፈልኝ።

ሄሉ በሞያሌ ከተማ በኬንያ በኩል የምትገኝ፣ እኔም የምኖርባት ስፍራ ናት። በዚህ ቆላ ዝናብ የሚጠበቀው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ደግሞም በጥቅምትና በኅዳር ነው። ከጥቅምት 2013 እስከ ኅዳር 2015 ዓ.ም. አምስቱ የዝናብ ወራት በተከታታይ ከሸፉ። ከብቱ በየመንገዱ ዳር ወደቀ፤ እናቶችም ቢጫ ጀሪካን ይዘው የውኃ ቦቴ ሲጠብቁ ዋሉ። ጥያቄው የመጣው በዚህ ጊዜ ነው።

ሁለት ፈጣን መልሶች አሉ። አንዱ «ኃጢአት ነው» ይላል። ነገር ግን በሚኒሶታ ያልተጠለቀ ውኃ ወደ ሞያሌ አይፈስም፤ ያ ግዛት ከ10,000 የሚበልጡ ሐይቆች አሉት። ዕረፍትም ራሱ የተናቀ ነገር አይደለም። ማርቲን ሉተር በ1529 ባወጣው ትልቁ ካቴኪዝም ስለ ሰንበት ሲያስተምር፣ ሳምንቱን ሙሉ የደከሙ ሠራተኞችና ገረዶች ሥጋቸውን የሚያሳርፉበት ቀን እንደሚያስፈልጋቸው ጽፏል። ነቢዩ ዘካርያስም ስለ ኢየሩሳሌም መታደስ ሲናገር በአደባባይዋ የሚጫወቱ ልጆችን አይቷል።

ሁለተኛው መልስ «ገንዘቡ የራሱ ነው፤ የሚከለክለው የለም» ይላል። ይህም አያድነንም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ያለው ባለጠጋ የተከሰሰው የሌላውን ሰው ገንዘብ ስለ ሰረቀ አይደለም። አልዓዛር በደጁ ተኝቶ ሳለ እርሱ በውስጥ ተደሰተ፤ በመጨረሻም የለመነው አንዲት የውኃ ጠብታ ነበረ።

እንግዲህ መለኪያው ወዴት አለ? ጎረቤቶቻችን ቦረናዎች ቱላ የሚሉአቸው ጥልቅ ኤላዎች አሉአቸው። ጎልማሶች ከታች እስከ ላይ በደረጃ ቆመው፣ እየዘፈኑ፣ ውኃውን ከእጅ ወደ እጅ ያወጣሉ። አባ ሄረጋ የሚባለው ሰው ተራውን ይጠብቃል። ከብቱ ሁሉ በተራው ይጠጣል፤ የተጠማ መንገደኛ ግን ለጉሮሮው የሚሆን ውኃ አይከለከልም። በዚያ ኤላ መጠጣትም መዝፈንም አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው ተራ መዝለል ነው። ለደስታችንም ሕጉ ይኸው ይመስለኛል። የተጠማው ድርሻውን ከእጄ አግኝቷልን? ካገኘ፣ ለልጆቼ የቀረው ደስታ ንጹሕ ነው።

ወንድማችን ግን በየወሩ ለእናቱ ይልክ ነበር። ታዲያ ኅሊናው ስለ ምን ወቀሰው? በፈቃዱ ደብዳቤውን ለእናቱ አነበብሁላቸው። ጥቂት ዝም ብለው «ያ ሁሉ ውኃ ኋላ ምን ይደረጋል?» አሉኝ። ተጣርቶ ተመልሶ ወደዚያው እንደሚገባ ነገርኋቸው። «እንግዲያስ አልባከነም» አሉ። ቆየት ብለውም፦ «ገንዘቡን አላጎደለብኝም። የልጆቹን ሳቅ ግን ከለከለኝ። ላሜ በሞተችበት ቀን ያንን ሳቅ ብሰማው ምን ነበረበት?» አሉ። የምመልስላቸው አልነበረኝም።

ወዳጆቼ ሆይ፤ ለችግረኛ ከገንዘባችን በቀር ሌላ የሚፈልገው ያለ አይመስለንም። ስለዚህ ምጽዋቱን በመስኮት አውጥተን ደስታችንን በተዘጋ በር እንሸሽጋለን። በባለጠጋውና በአልዓዛር መካከል የነበረውም ደጅ ነው። ወንድማችን የእናቱን የእንጀራ ተራ አልዘለለም፤ የደስታ ተራቸውን ግን ዘለለ። ልጆቹንም ባለማወቅ፣ አያታቸው ሊያፍሩባቸው የሚገቡ ሰው እንደ ሆኑ አስተማራቸው።

ነገር ግን ገና ያላካፈለ ሰው በዚህ ቃል ራሱን አያጽናና። የእንጀራ ተራውን ለተነፈገ ሰው ሳቃችንን ማሰማት መዘበት ነውና፤ አስቀድሞ እጅ ይዘርጋ፣ ከዚያም በሩ ይከፈት።

ይህ ነገር በሩቅ ላሉት ብቻ አይደለም። ከአዲስ አበባ ቤተ ሰቦች በበዓል ወራት ወደ ሶደሬ ፍል ውኃ፣ በቢሾፍቱም በኩሪፍቱ ሐይቅ አጠገብ ወደ ተሠራው የውኃ መጫወቻ ይወርዳሉ። ሂዱ፤ ልጆቻችሁም ይጫወቱ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ተራው የማን እንደ ሆነ በቤታችሁ ተጠያየቁ፤ ስትመለሱም በቤት ለቀረው ሽማግሌና ሄዶ ለማያውቀው ጎረቤት ያያችሁትን ሳትሸሽጉ ንገሩ። ለእናታችሁ ልትነግሩት የማትደፍሩት ደስታ ቢኖር፣ ወይ ደስታው ይመርመር፣ ወይ በሩ ይከፈት።

ውኃን ለሚጠጡትም በእርሱ ለሚጫወቱትም የፈጠረ አምላክ የሚያካፍል ልብ ይስጠን። አሜን።