«እንኳን ማርያም ማረችሽ» ካልን በኋላ



በሀገራችን አንዲት ሴት በሰላም ስትገላገል ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል። በዚህች አጭር ሰላምታ ውስጥ ትልቅ እምነት አለ፤ እናቲቱ ከጭንቅ የወጣችው በእግዚአብሔር ምሕረትና በእመቤታችን አማላጅነት መሆኑን እንመሰክርባታለንና። ይሁን እንጂ ገንፎው ተበልቶ፣ እልልታው ጸጥ ብሎ፣ እንግዳው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ያቺ አራስ ከማን ጋር ትቀራለች?

ወንጌላዊው ሉቃስ እንደሚነግረን፣ እመቤታችን ኤልሳቤጥ መፅነሷን ከመልአኩ በሰማች ጊዜ ፈጥና ወደ ተራራማው አገር ወጣች። ሰላምታ ሰጥታም ወዲያው አልተመለሰችም፤ ሦስት ወር ያህል ተቀመጠች። በዕድሜ የገፋች ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ሥራ እንደማይጠፋ እናቶች ታውቃላችሁ። እርሷ ራሷ በቤተ ልሔም በወለደች ጊዜ ግን ከቤቷ ርቃ ነበር፤ ሕፃኑን በጨርቅ ጠቅልላ በግርግም ያስተኛችው እርሷው ናት። እንግዲህ ዘመድ የሌላትን አራስ የሚያገለግል ሰው እመቤታችንን ያገለግላል።

ቀድሞ አራስ በእናቷና በአክስቶቿ መካከል ትታረስ ነበር። ዛሬ ግን በከተማ ኪራይ ቤት የምትወልደው ወጣት እናቷ በሩቅ ገጠር ናት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለወለደች ሠራተኛ የ90 ቀን፣ ለአባት ግን የ3 ቀን ፈቃድ ብቻ ሰጠ። ከአራተኛው ቀን ጀምሮ በሩን የሚያንኳኳው ማን ነው?

እነዚህ ቀናት የደስታ ብቻ ሳይሆኑ የአደጋም ቀናት ናቸው። ቅድስት ጃና ቤሬታ ሞላ ራሷ ሐኪም ነበረች፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1962 ልጇን በወለደች በሳምንቷ በኢንፌክሽን ምክንያት ዐረፈች። ስለዚህ ብዙ ደም የሚፈሳት፣ ትኩሳት የያዛት፣ ራሷን አጥብቆ የሚያማት ወይም የሚያንዘፈዝፋት አራስ፣ ጡት እምቢ ያለ ወይም ሰውነቱ የቀዘቀዘ ሕፃንም ሲያጋጥማችሁ ጸሎታችሁን በመንገድ እያደረሳችሁ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም አድርሱ። ለአራስ ልጅ ቅቤ ማዋጥም ይቅር፤ እግዚአብሔር ያዘጋጀለት የመጀመሪያ ምግብ የእናቱ እንገር ነው፤ እስከ ስድስት ወርም የእናቱ ጡት ብቻ ይበቃዋል።

ሌላም የተሰወረ ሕመም አለ። አንዳንዷ አራስ ያለ ምክንያት ታለቅሳለች፣ እንቅልፍ ታጣለች፣ ልጇን ማየት ያስጨንቃታል። ይህ የእምነት ጉድለት ወይም የእናትነት ፍቅር ማነስ አይደለም፤ ሕክምና ያለው ሕመም ነው። «ጤናማ ልጅ ታቅፈሽ ምን ያስለቅስሻል?» አትበሏት። አጠገቧ ተቀምጣችሁ ስሟት፤ ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ወይም በራሷ ወይም በልጇ ላይ ክፉ ሐሳብ ከመጣባት ሳትውሉ ሳታድሩ ከሐኪም አገናኟት።

ባሎች ሆይ፣ የዮሴፍን ዝምታ ብቻ ሳይሆን ትጋቱንም ውረሱ። ልጅ አቅፎ ማባበል፣ ልብስ ማጠብና ውሃ መቅዳት ወንድነትን አይቀንስም፤ ዮሴፍ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ በሌሊት እስከ መሰደድ ደርሷልና።

እናንተ መምህራን ደግሞ የሕፃኑን ስም ለጥምቀት ለመመዝገብ አርባ ወይም ሰማንያ ቀን እስኪሞላ አትጠብቁ። በየመንደራችሁ የወለደችውን እወቁ፤ ምእመናኑም ተራ ገብተው አንዱ አጥሚት፣ አንዱ እንጨት፣ አንዷም እናቲቱ ጥቂት እንድትተኛ ልጁን የምትይዝበት አንድ ሰዓት ያምጡ።

ከሁሉም በፊት እልልታ ወዳልተሰማበት ቤት ሂዱ። ያለ ባል የወለደችው ልጅ አለች፤ ሰው አፍሮባት አይጠይቃትም። ልጇ የሞተባት እናትም አለች፤ ጡቷ ወተት ሞልቶ ክንዷ ባዶ ነው። እርሷም አራስ ናት፤ ገንፎውም ይገባታል። ለእርሷ የሚሆን ቃል ቢጠፋን እንኳ ዝም ብለን አብረናት እንቀመጥ።

«ማርያም ማረችሽ» ያለ አንደበት የማርያምን እግርና እጅ ይከተል። እግዚአብሔር አራሶችን ሁሉ ይጠብቅ፤ ሕፃናቱን ያሳድግ፤ አሜን።