ጕድለቱ የማን ነው?

ሰው ሁሉ በመልክና በቁመና ይለያያል፤ ነገር ግን ከልዩነት ሁሉ መካከል አንዱን ለይቶ «ጕድለት» የሚለው ማኅበር ነው። ስያሜውም እንደ ዘመኑ ይለዋወጣል።

በጥንታዊት ስፓርታ ደካማ ሆኖ የተወለደ ሕፃን በሽማግሌዎች ፍርድ ይጣል እንደ ነበረ ፕሉታርክ ጽፏል። የኦሪት ሕግም ለምጻም የተባለ ሰው ከሰፈር ውጭ እንዲቀመጥ ያዝዛል፤ ይኸው ሕግ ግን ደንቆሮን መስደብንና በዕውር ፊት ዕንቅፋት ማኖርን ይከለክላል። ስለዚህ ጥንታውያን ሁሉ ጨካኞች፥ ዘመናውያን ሁሉ ርኅሩኆች ናቸው ለማለት አይቻልም።

በአገራችን ሥጋ ደዌ በዘር የሚወረድ ወይም በርግማን የሚመጣ ነው ሲባል ኖሯል። ሐንሰን የተባለው የኖርዌይ ሐኪም ግን እ.ኤ.አ. በ1873 የበሽታውን ተሐዋሲ አገኘ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1981 መድኃኒቶች ተጣምረው እንዲሰጡ ከመከረ ወዲህ ደዌው ፈጽሞ የሚድን ሆኗል። በደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም በዚሁ ሕክምና የታወቀ ነው።

እንግዲህ ከዚያ ድኖ የወጣ አንድ ሰው ሥራ ፍለጋ ቍልቍለቱን ወደ ኮምቦልቻ ወረደ እንበል። ደዌው ነርቭን ስለሚያደነዝዝ፥ ሳይሰማው በቃጠሎና በቍስል ጣቶቹ አጥረዋል፤ ዛሬ ግን ወደ ማንም የሚያስተላልፈው በሽታ የለበትም። ቀጣሪው እጁን አይቶ ቢመልሰው፥ ጎረቤቱም የቡና ስኒውን ለብቻ ቢያኖርበት፥ ያን ሰው ከማኅበር የለየው ምንድር ነው?

ምናልባት «ጣት የሌለው ሰው መርፌ ለመያዝ በእውነት አይችልም፤ ይህን ማኅበር አልፈጠረውም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ነገር ግን የጣት ማጠር የሚከለክለው አንዳንዱን ሥራ ነው፤ ክፉ ስም ግን ሥራን ሁሉ፥ ጋብቻንና ዕድርን ጭምር ይከለክላል።

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጕዳተኞች መብቶች ስምምነት ይህንኑ ያስተውላል፤ የሰውነት ጕዳት በአካባቢ ካለው መሰናክል ጋር ሲገናኝ ሰውን ከእኩል ተሳትፎ ሊያግደው እንደሚችል ይናገራል። የ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጕዳተኞች እንዲመቹ አዝዟል። ደሴ ዳገታማ ከተማ ናት፤ ዳገቱን ያኖረ ፈጣሪ ነው፥ በቢሮው በር ላይ ያለውን ደረጃ የሠራን ግን እኛው ነን።

ሐኪም ድርሻውን ከፈጸመ በኋላ የሚቀረው ሥራ የጎረቤት፥ የቀጣሪና የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ይኸውም በፊታችን የቆመውን ባለጕዳይ «ምን ጐደለዎት?» ከማለት ይልቅ «ምን ከለከለዎት?» ብሎ መጠየቅና መከልከያውን ማንሣት ነው።