የምርምር ግብና የሰው እንጀራ



ሰው አንድ ታላቅ ግብ አስቀምጦ፣ ጉልበቱንና ገንዘቡን ሁሉ ወደዚያ አቅንቶ ተፈጥሮን ቢመረምር መልካም ነውን? ጥያቄው ለሊቃውንት ብቻ የተተወ አይደለም፤ ከሮቤ እስከ ጊኒር የሚዘራውን ስንዴ ይመለከታልና።

ዩጂ 99 የተባለው የግንድ ዋግ እ.ኤ.አ. በ1999 በኡጋንዳ ታወቀ፤ በ2003 በአገራችን ታየ። በ2005 የኖቤል የሰላም ተሸላሚው ኖርማን ቦርሎግ ዓለምን አስጠነቀቁ፤ የብዙ አገር ተመራማሪዎችም ይህን በሽታ ለመግታት ተባበሩ። በ2010 ደግሞ ቢጫ ዋግ «ኩብሳ» የተባለውን ስንዴ ክፉኛ ጎዳው። ገበሬውም ወደ «ዲገሉ» ዞረ፤ ዲገሉ ቢጫ ዋግንም ዩጂ 99ንም ይቋቋም ነበርና። ነገር ግን በ2013 መጨረሻ ባሌንና አርሲን የመታው ከዩጂ 99 ወገን ያልሆነ ሌላ የግንድ ዋግ ሆነ። ዲገሉ በተዘራባቸው አንዳንድ ማሳዎች ምርቱ ከሞላ ጎደል ጠፋ።

እንግዲህ ምርምሩ ከንቱ ነበርን? አልነበረም። ዩጂ 99ን ለመከታተል የተዘረጋው ሥራ አዲሱን ዋግ ለመለየትም ጠቅሟል። ታላቅ ግብ የተበተነውን ኃይል ይሰበስባል። ስሕተቱ የሚመጣው መንገዱ የፍጻሜውን ስፍራ ሲወስድ ነው። አንዱን በሽታ ድል መንሣት መንገድ ነው፤ ፍጻሜው የሰው እንጀራ ነው። የታቀደው ተሟላ የሚል ሪፖርት ማሳው የወደመበትን ገበሬ አያጠግብም። ግቡን የሚያወጣው አንዱ፣ ኪሳራውን የሚሸከመው ሌላው ሲሆን ነገሩ የሳይንስ ብቻ ሳይሆን የፍትሕ ጉዳይ ይሆናል።

የአውግስጢኖሳውያን መነኵሴ አባ ግሬጎር ሜንዴል በገዳማቸው ግቢ አተር እየዘሩ የደረሱበትን የውርስ ሕግ በ1866 አሳተሙ፤ ዓለም ያስተዋለው ግን በ1900 ነው። የዛሬው ዘር የማዳቀል ጥበብ በዚያ ሕግ ላይ ቆሟል። ስለዚህ ለታቀደው ግብ በጀት ሲመደብ፣ ፍሬው ገና ለማይታየው ፍለጋም ስፍራ ሊተውለት ይገባል።

ካቴኪስቶች ሆይ፤ አዲስ ዘር ሲመጣ ምእመናን በምስጋና እንዲቀበሉት፣ ግን ማሳቸውን ሁሉ ለአንድ ዘር እንዳይሰጡ ምከሩ። በቅጠሉ ላይ አዲስ ምልክት ያየ ገበሬም ዝም አይበል፤ ተመራማሪውም ይስማው። ዕውቀት የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን የሚያስታውስ ሰው፣ ያልጠበቀውን እውነት ለማየት ዓይኑን አይጨፍንም።