የዶሮው አጃቢ

በዓል ሲቃረብ ወሬው ሁሉ የዶሮ ነው። «ዘንድሮ ዶሮ ስንት ገባ?» እንባባላለን፤ ከዶሮው ወደ በጉ፣ ከበጉ ወደ ቅቤው፣ ከቅቤው ወደ ሽንኩርቱ እናልፋለን። «ፎሶሊያ ስንት ገባ?» ብሎ የበዓል ጨዋታ የሚጀምር ሰው ግን ከቶ አይገኝም። ፎሶሊያና ካሮት፣ ድንች፣ ቀይ ሥር፣ ጥቅል ጎመን፣ እነዚህ ሁሉ በበዓል ማዕድ ላይ አጃቢዎች ናቸው። ሙሽራው ዶሮው ነው። አጃቢ ቀረ ተብሎ ሠርግ አይቀርም፤ ስለዚህ ብር ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰረዙት እነሱ ናቸው።

እስኪ ዛሬ አንድ ነገር እንጠይቅ። የአንድ ቤት ደግነት የሚለካው በሙሽራው ነው ወይስ በአጃቢው?

ጥያቄው ቀልድ የሚመስለው የተጠራው ሰው ሁሉ ዶሮውን የሚበላ ሲሆን ብቻ ነው። አዘዞን ውሰዱ። አዘዞ ከጎንደር በስተደቡብ ያለች፣ አውሮፕላን ማረፊያውና የጦር ሠፈሩ ከየአቅጣጫው ሰው ያመጡላት ቦታ ናት። ክርስቲያንና ሙስሊም ግድግዳ ይጋራሉ፤ ለቅሶ ይደራረሳሉ፤ ቡና ይጠራራሉ። የማይጋሩት አንድ ነገር ሥጋ ነው። አንዱ ያረደውን ሌላው አይቀምስም። ባለቤቲቱ ስታቁላላ ያመሸችው ዶሮ 12 ብልት አለው፤ ከ12ቱ አንዱም ግን አጥሯን ለምትጋራት ሙስሊም ጎረቤት አይደርስም።

ታዲያ ጎረቤቲቱ «እንኳን አደረሳችሁ» ልትል ስትመጣ ምን ይቀርብላታል? አቅም ያለው በጉን ወይም ዶሮውን ከነነፍሱ ሰጥቶ «አሳርዳችሁ ሥሩት» ይላል፤ ይህ ያማረ ወግ ነው። አቅም የሌለው ቤት ዳቦ ይቆርሳል፣ ቡና ያፈላል፣ ለስላሳ ይከፍታል። እንግዳዋ ከሞላ ማዕድ አጠገብ ዳቦዋን ይዛ ትቀመጣለች። ማንም ክፉ አላሰበም። ክፉ አለማሰብ ግን ስለ ሰው ከማሰብ ጋር አንድ አይደለም። ጥሪው ደርሷታል፤ ማዕዱ ግን እሷን አስቦ አልተሰናዳም።

ፎሶሊያው ቁም ነገር የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ጫፍና ጫፉ ተቀንጥሶ፣ ጅማቱ ተስቦ፣ በቁመቱ ይሰነጠቃል፤ ካሮቱም በዚያው ልክ ይከተፋል። ሽንኩርቱ በዘይት ለስለስ ይላል እንጂ አይቀላም፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ይገባል፤ ፎሶሊያው ቀለሙ ሳይጠፋ ይወጣል፤ ቃሪያው መጨረሻ ላይ ነው። ቅቤ የለበትም፣ ሥጋ የለበትም፤ የሚጾመውም የማይጾመውም፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይበላዋል። አንድ ነገር ግን አለ፦ ለብቻው መሠራትና ለብቻው መቅረብ አለበት። የዶሮው ወጥ በነካው ማማሰያ ከተማሰለ፣ ወይም በዶሮው ትሪ ላይ ዳር ዳር ተደርጎ ቀዩ ወጥ ከፈሰሰበት፣ የእንግዳዋ መሆኑ ቀረ። ደግነት እንግዲህ በልብ ብቻ አያልቅም፤ ንጹሕ ድስት፣ የተለየ ማማሰያ፣ የተለየ ሳህን ይፈልጋል። «እትዬ፣ ይብሉ፤ ድስቱም ለብቻው ነው» ለማለት የሚያበቃው ይህ ልፋት ነው። ልፋቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው በዶሮው ሩጫ በደከመችው ሴት ላይ ነው። «እንግዳ ጠርቻለሁ» ያለ አባወራ ቁጭ ብሎ ፎሶሊያ ቢቀነጥስ እጁ አይቆረጥም።

ነገሩ የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። የ2016 ዓ.ም. ዒድ አልፈጥር የዋለው ሚያዝያ 2 ቀን፣ ረቡዕ፣ በሁዳዴ ጾም መካከል ነበር። ለክርስቲያን ጎረቤት የዚያ ቀን ሥጋ በእርዱም በጾሙም አይሆንም፤ የሚያበላው አጃቢው ብቻ ነው። ከአምስት ወር በኋላ ደግሞ የ2017 ዕንቁጣጣሽ ረቡዕ ዋለ። ልደትና ጥምቀት የረቡዕንና የዓርብን ጾም ይሽራሉ፤ ዕንቁጣጣሽ አይሽርም። ስለዚህ የጿሚው ቤት ዶሮውን ለሐሙስ አቆየና አጃቢዎቹ ራሳቸው ሙሽራ ሆኑ። «በዓሉ ጾም ላይ ዋለብን» ብሎ ማዘን የተለመደ ነው። እኔ ግን ጎረቤት ሁሉ እኩል እጁን ሊዘረጋበት የሚችል ማዕድ እንደ እሱ ያለ አላውቅም።

«ለክቡር እንግዳ ቅጠል? ጎመን በጤና እኮ ምርጫ ያጣ ሰው ተረት ነው፤ ፎሶሊያ ደግሞ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ፎሶሊያ እንግዳ ተክል ነው፤ ትውልዱ ከአሜሪካ አህጉር ነው። ግን ዶሮውን ያቀላው በርበሬም የመጣው ከዚያው ነው፤ ድንችም ቲማቲምም እንዲሁ። እንግድነት ከተቆጠረ ሙሽራው ራሱ ካባውን የተዋሰ ነው። ምግብን የሚያስከብረው የተሠራለት ሰው ነው።

«ታዲያ ሥጋውንም አብረን ብንበላ ምናለ?» የሚል ዘመናይም አለ። እኔ እንኳ አልስማማም። የእርድ ነገር የእምነት ነገር ነው፤ ሰውን እምነቱን የሚያስጥል ግብዣ ግብዣ አይባልም። ልዩነቱን ሳይነኩ ከአጠገቡ አንድ የጋራ ሳህን ማኖር ይሻላል።

ስለ ፎሶሊያ ይህን ያህል ማውራት የሚገርመው ካለ የጎንደርን ታሪክ ያስታውስ። በ1668 እ.ኤ.አ.፣ በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን፣ ጎንደር ላይ የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ ተለይቶ በራሱ ሠፈር እንዲኖር ወሰነ። መለየቱ በአዋጅ ነበር፤ መቀራረቡን ያመጣው ግን አዋጅ አይደለም፤ የቡና ስኒ፣ ለቅሶና ሠርግ ነው። እንዲህ የተገነባው ነገር ሊናድ እንደሚችልም አይተናል። በሚያዝያ 2014 ዓ.ም.፣ ፋሲካ በዋለ በሁለተኛው ቀን፣ ዒድ ሊገባ ሳምንት ሳይቀረው፣ እዚያው ጎንደር በአንድ ሼህ ቀብር ላይ ግጭት ተነሥቶ ብዙ ሰው ሞተ።

አንድ ሳህን ፎሶሊያ ያን ቀን ያስቀረው ነበር አልልም። እንዲህ ያለው ነገር ሕግና ፍርድ ይፈልጋል። ነገር ግን ሕግ በየግቢው በር ላይ አይቆምም። በዚያ በር ላይ ሰውን ሊገታ የሚችለው አንዳንዴ ትዝታ ነው፤ «በዚህ ቤት ለእኔ ተብሎ የተሠራ ምግብ በልቻለሁ» የሚል ትዝታ።

ለሚመጣው በዓል ገበያ ስንወጣ የዶሮውን ዋጋ እንጠይቅ፤ ደግ ነው። ከቤት ሳንወጣ ግን «የእኛን ዶሮ የማይበላ ማን ይመጣል?» ብለን እንጠያየቅ።